ከኩባያው ስር የቀረው ስኳር

ገዳሪፍ፣ ጸሎተ ሐሙስ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 2017

ወንድምየ ረዳ፣

በእማየ አፈር ይዤሃለሁ፣ የዛሬውን እመነኝ። አምና አባየ ሊሞት ነው ብዬ ዋሽቼ ከፖርት ሱዳን ድረስ አስመጥቼሃለሁ፣ አውቃለሁ፤ ናፍቀኸኝ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። አሁን ግን አልዋሸሁም። ድምፄን ስትሰማ ስለምትዘጋብኝ ነው በወረቀት የጻፍኩት፣ ባለሱቁ ሙዳሲር በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይልክልሃል።

አባየ የሚውጠው የስኳር ኪኒን ከገበያ ጠፋና ሌላ ሰጡት። ነርሷ ኣስመረት "ይሄኛው እንደ ድሮው አይደለም፣ ጠዋት ከዋጠ የግድ ይብላ፣ ካልበላ ስኳሩ ወርዶ ይጥለዋል" አለችኝ። እኔም ጠዋት ጠዋት ኪኒኑንና ፉሉን አስቀምጬለት ወደ ስራዬ እሄዳለሁ። ስመለስ ሰሃኑ ባዶ ነው፣ በላ እላለሁ። ትናንት ሙዳሲር "ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ አባትሽ ፍየሎቼን በፉል አወፈራቸው" ብሎ ሲስቅ ደነገጥኩ። ለካ ኪኒኑን እየዋጠ እስከ ማታ ይጾማል!

ሮጬ ስገባ በላብ ተነክሮ አገኘሁት። "ረዳ፣ ሰሊጡ ሊረግፍ ነው፣ ማጭዱን አምጣ" ይለኛል። እኔን አንተ አድርጎ! ልጆች ሆነን ሀዋታ እርሻው ላይ ያለን መስሎታል። ያን ጊዜ ትዝ ይልሃል? ሰሊጥ ሲያጭድ ይውልና ጥላ ስር ቁጭ ብሎ ሻዩን ስኳር በስኳር አድርጎ ይጠጣል፣ ከስር የቀረውን ለኛ ይተውልናል። አንተ በጣትህ ጠርገህ መጀመሪያ ለኔ ታቀምሰኛለህ፣ እማየ "ዝንብ ወልጄ ቀረሁ" እያለች ትስቃለች። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር የለም። ትናንት ስኳር በውሃ በጥብጬ አፉ ውስጥ ሳንቆረቁርለት፣ ከስር የቀረውንም በጣቴ ጠርጌ ሳቀምሰው፣ ያው የሀዋታው ኩባያ መሰለኝና አለቀስኩ።

ነፍሱ መለስ ሲል ተቆጣኝ።

"ጾሜን አስገደፍሽኝ!"

"ቄስ ኪዳኔ ለታመመ ተፈቅዷል ብለውህ የለም እንዴ?"

"የታመምኩት ስኳር ነው፣ ሃይማኖቴ አልታመመም።"

ነገ ስቅለት ነው። ኪኒኔን ውጬ፣ ውሃ ሳልቀምስ ስሰግድ እውላለሁ ብሏል። ኪኒኑን ልደብቅ ብል ኪሱ ውስጥ ከትቶታል። ኣስመረት ስትሰማ "እንደወደቀ ሊቀር ይችላል" አለችኝ። አባየን ለምን እንዲህ በራስህ ትጨክናለህ ብለው "ልጄን ምን እንደበደልኩት አላውቅም፣ እግዜር እንዲመልሰው ተስዬ ነው የምጾመው" አለኝ። ረዳ፣ አምና እሱም ከኔ ጋር መክሮ የዋሸህ መስሎህ ሳታናግረው ሄድክ። እሱ ምንም አያውቅም። እስከ ዛሬ አልነገርኩትም፣ ፈራሁ።

አንተ ብላ ካልከው ይበላል። መክሊት ናት የዋሸችው በለው፣ እኔን ይርገመኝ፣ ግድ የለኝም።

በሀዋታ ሰሊጥ ያሳደገን አምላክ አይለይህ።

እህትህ መክሊት

ሙዳሲር ለመግሪብ ሶላት ሱቁን ዘግቶ ስልኩን ይዞ ይሄዳል። እዚሁ የሱቁ በር ላይ ነኝ፣ አባየም አጠገቤ ቁጭ ብሏል፣ ለምን እንዳመጣሁት አያውቅም። በሞቴ፣ ሳይመሽ በሙዳሲር ስልክ ደውል።