ዎፋ ዳንኳ ውኃቸውን እስኪጠጡ

ኩማሲ፣ እሑድ ኖቬምበር 9

ውድ ወንድሜ አጄ፣

እንዴት ሰነበትክ? ያ ትኩሳት ለቀቀህ? እኛ ደህና ነን። እናቴ ግን ዛሬም ሩዝ ስታወጣ ያንተን ሳህን ደርድራ መልሳ አነሣችው። ከቀበርንህ ገና ሳምንትህ ነው።

የኮምፒውተርህን ነገር ከእኔ ብትሰማው ይሻላል። ትናንት የእናትህ ወንድም ዎፋ ዳንኳ ሊወስዱት መጡ። ወጉን ታውቀዋለህ፤ ሰው የእናቱ ወገን ነው፣ ሲሞትም ንብረቱ ወደዚያው ይመለሳል። እኔና አንተ አባታችን አንድ፣ እናቶቻችን ሁለት ናቸው፤ ስለዚህ እኔ አልወርስህም። አባባም አልተከራከረም። እኔስ መቼ ኮምፒውተሩን ፈለግሁ? ዎፋ በውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፍተው ለእናትህ እህት ልጅ ሊሰጡት ነበር። አብረን የሠራነው የኮምፒውተር ጨዋታ ያለው እዚያ ብቻ ነው። የጨዋታው ወያላ ከቦይ ቦይ እየዘለለ ትሮትሮውን፣ ሚኒባሱን፣ ሲያሳድድ የገበያውን ስም «ኬጄቲያ! ኬጄቲያ!» ብለህ የቀዳኸው ድምፅህም ሌላ ቦታ የለም።

ስለዚህ እንደሚመጡ ስሰማ ጨዋታውን ወደ ስልኬ ላሻግረው ብዬ፣ አሠራሩን ከተማርንበት ቪዲዮ ያልደረስንበትን የመጨረሻውን ትምህርት ከፈትኩ። የቪዲዮው አስተማሪ እንደ ድሮው ይሮጣል። ያኔ እኔ ስልኩን ይዤ አነብልሃለሁ፣ አንተ ትጽፋለህ፤ «ኧረ አቁምልኝ! ይሄ ሰውዬ መኪና አመለጠው እንዴ?» ትለኝ ነበር። አሁን በአንድ እጄ አቆማለሁ፣ በሌላው እጽፋለሁ። ደግሞ ቪዲዮው የቆየ ነው፤ «እዚህ ጋ ተጫኑ» የሚለው ቁልፍ በእኛው አዲሱ ፕሮግራም ላይ የለም። ትናንት ጠዋት ከቪዲዮው ሥር የተጻፉትን አስተያየቶች ሳገላብጥ አንድ ናይጄሪያዊ ቁልፉ የተዛወረበትን ቦታ ጽፎ አገኘሁት። ተጫንኩት። ጨዋታው ለስልክ ሲዘጋጅ የሚያሳየው መስመር በቀስታ መሙላት ጀመረ። ወዲያው በሩ ተንኳኳ።

«አንተ ልጅ፣ ዕቃውን አምጣው» አሉ ዎፋ ገና ሳይገቡ።

አባባ ብድግ አለ። «እንግዳ ውኃ ሳይቀምስ ጉዳዩን ይናገራል እንዴ? ይቀመጡ እንጂ።»

ዎፋ ውኃውን በአንድ ትንፋሽ ጨለጡት። አባባ ደገመላቸው።

«በሉ የመንገዱን ያጫውቱን።»

«መንገዱ ደህና ነው።»

«ከማምፖንግ እስከዚህ ድረስ? ያ ድልድይስ?»

«ድልድዩም ደህና ነው።»

«የእህትዎ ጉልበትስ?»

እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። መብራት ጠፍቷል፣ ባትሪው ቀይ ሆኗል፣ መስመሩ ግን ገና ግማሽ ነው። አባባን ታውቀዋለህ፤ ፓስተሩን እንኳ ከሁለት ጥያቄ በላይ አይጠይቅም።

«ኧረ ይሄ ሰውዬ ዛሬ ዶሮዎቼን ሳይቀር ሊጠይቀኝ ነው!» አሉ ዎፋ።

«እነሱንማ ረስቻቸው! ዶሮዎቹ እንዴት ናቸው?» አለ አባባ፣ ሳይስቅ።

መስመሩ ሞላ። ጨዋታው በገመዱ ወደ ስልኬ ሲያልፍ ገመዱ እንዳይነቀል በጣቶቼ ይዤው ነበር። አለፈ። ኮምፒውተሩን ዘግቼ ወጣሁ። አባባ በር ላይ ሲያየኝ ወደ እንግዳው ዞረና «በሉ አሁን ጉዳይዎን እንስማ» አለ።

ዎፋ ኮምፒውተሩን ተቀብለው መዳፋቸውን ከሥሩ አሳረፉ።

«ይሞቃል» አሉ።

እኔን አዩኝ፣ አባባን አዩት። ከዚያ በጨርቅ ጠቅልለው ብብታቸው ሥር ያዙት።

ጨዋታው ስልኬ ላይ አለ። እስካሁን አልከፈትኩትም። ባትሪ እንዳይጨርስብኝ ብዬ ነው።

የተኛህበትን አፈር እግዜር እንደ ጥጥ ያቅልልህ።

ሳምንቱን ከእኔ ጋር ሲያድሩ የነበሩት ለቀስተኞች ትናንት ሄዱ። ዛሬ ብቻዬን ነቃሁ። መጥረጊያውን ይዤ ወጣሁና የግቢውን የኔን ግማሽ ጠረግሁ። ማንጎው ጋ ስደርስ ቆምኩ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ያንተ ነው። ቅጠል ሞልቶበታል። አባባ በረንዳው ላይ ጥርሱን እየፋቀ ያየኛል። ጎንበስ አልኩና ያንተንም ጠረግሁት።

ታናሽህ ኩዋቤና