ያልተከፈተው የጋሼ ሳጥን

ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ፣ ለእታለሜ፤

ከሁሉ አስቀድሞ የናፍቆት ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ለመሆኑ ጤናሽ እንዴት ነው? ያ የወገብሽ ሕመም ለቀቀሽ ወይስ ዛሬም ጎንበስ ስትዪ ይይዝሻል? ልጆቹስ? የእናታችን የዓይኗ ነገርስ እንዴት ሆነ? እኔ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ በአካል ደኅና ነኝ። በልቤም ደኅና ነኝ ብዬ ልዋሽሽ ግን አልቻልኩም።

ይህን በኢሜይል ያልላክሁልሽ በምክንያት ነው። ብልከው፣ አንቺ ኮምፒውተር ስለማትነኪ፣ ባለ ኢንተርኔት ቤቷ በደንበኞቿ ፊት ጮክ ብላ ታነብልሻለች። ይህ ግን አንቺው ራስሽ፣ በርሽን ዘግተሽ፣ ብቻሽን ልታነቢው የሚገባ ነገር ነው። ባለፈው እሑድ በስልክ ልነግርሽ ደውዬ ነበር፤ ድምፅሽን ስሰማ ግን ስለሚያፈሰው ጣሪያ ብቻ ጠይቄሽ ዘጋሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ማቀዝቀዣውን እየጠበቅሁ በምውልበት ክፍል ውስጥ የመሥሪያ ቤቱን ኢሜይል የሚያመላልሱ፣ ሰርቨር የሚባሉ አራት ማሽኖች አሉ። ትምህርቱን አራተኛ ክፍል ላይ ላቆመ ሰው ነገሩ ከባድ ቢሆንም፣ በገባኝ መጠን አራቱ በኅብረት ይሠራሉ፤ አንዱ ቢታመም ሸክሙን ሦስቱ ይካፈሉለታል። አሁን አርጅተዋልና በአዲስ ሊተኩ ነው። አንዱን ሲያወጡ ሌሎቹ እንዲሠሩ፣ ከዚያም ተረኛውን እንዲያወጡ፣ ማንም ሠራተኛ አንዲት መልእክት ሳትጎድልበት ወደ አዲሶቹ እንዲሻገር ሲመካከሩ ሰነበቱ። እኔም ወንበር ሳመላልስና ሰሌዳ ስጠርግ እሰማቸዋለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ለብረት እንዲህ ሲጨነቁ ሳይ ቀናሁ።

በመጨረሻው ስብሰባ ላይ ኃላፊዋ፣ ባለቤት የሌላቸው የኢሜይል ሳጥኖች አይሻገሩም፤ የሄደ ሰው ኮተት ተሸክመን አዲስ ቤት አንገባም አለች። የሳጥኖቹን ስም ዝርዝር ግድግዳው ላይ በብርሃን ሲያወጡት የባልሽን፣ የጋሼን ስም አየሁ።

እታለሜ፣ ጋሼ የተሻለ ሥራ አገኘሁ ብሎ እዚሁ መሥሪያ ቤት የነበረውን የኤሌክትሪክ ሥራውን ትቶ ከሄደ፣ ስልኩም ከተዘጋ ዓመት አለፈው። ሳጥኑን ግን መዝጋት የነበረበት ሰው ስለረሳው ክፍት ቀረ፤ አንቺም በየሳምንቱ ትጽፊለታለሽ። ባለ ኢንተርኔት ቤቷ፣ የሌለ ሰው አድራሻ መልእክቱን ይመልሳል ብላሽ ነበር። ያንቺ አንድም ቀን ስላልተመለሰ፣ ባሌ ቢያኮርፈኝም በሕይወት አለ፣ እያነበበልኝ ነው ትዪኝ ነበር። ለእኔም እንቅልፍ የሚሰጠኝ ይኸው ተስፋ ነበር።

ስብሰባው ሲበተን አንዱ መሐንዲስ፣ ክፍሉ ስለሚበርደው ከራሱ ቆብ የማይለየውና ባለ ቆቡ የምንለው፣ አንተ ምን ሆነሃል፣ ፊትህ እኮ አመድ መሰለ፣ ማሽኖቹ ላይ እንዳትወድቅብኝ ብሎ ቀለደብኝ። ነገሩን ስነግረው ግን ሳቁ ጠፋ። ወንድሜ፣ ሳጥኑ ሰው ኖረም አልኖረም ይቀበላል፤ በር ላይ የተሰቀለ የፖስታ ሳጥን ቤቱ ኦና መሆኑን የት ያውቃል አለኝ። ለምኜው ከፍቶ አየልኝ። ጋሼ ከሄደበት ቀን ጀምሮ ሳጥኑን የነካው ሰው የለም። የላክሽለት መልእክት በሙሉ እንደታሸገ ነው፤ አንዷም አልተነበበችም።

ኃላፊዋንም ሳጥኑ እንዲሻገር ለመንኳት። ላንተ ብዬ አንዱን ባስገባ ነገ ሁሉም ዘመዱን እየጎተተ ይመጣብኛል፣ ይህ የዘመድ ማረፊያ መሰለህ እንዴ አለችኝ። ባለ ቆቡ ሳጥኑ ከመጥፋቱ በፊት መልእክቶቹን በፍላሽ ሊገለብጥልኝ ፈቃደኛ ነው፤ ቢሆንም የጻፈችው እሷ ናትና እሷን ጠይቃት አለኝ። ሥራው የሚጀመረው በዚህ ወር ማብቂያ ነው፤ ይህን ደብዳቤ የያዘልኝ ሾፌር በየመንገዱ ስንት ቦታ እንደሚያድር ግን አላውቅም። መልስሽ ካልደረሰልኝ አስገልብጬ፣ ሳላነበው አስቀምጥልሻለሁ። አጥፋው ካልሽኝ ያን ጊዜ አጠፋዋለሁ።

ሳጥኑ ከጠፋ በኋላ ብትጽፊለት መልእክትሽ ይመለሳል። አደራሽን እታለሜ፣ የተመለሰ ዕለት ሞተ ብለሽ ደረትሽን እንዳትመቺ፤ የተለወጠው ማሽኑ ነው። አለ ብዬም ልምልልሽ አልችልም። ይሠራበታል የተባለበት ቦታ ሁሉ ሄጄ ጠይቄአለሁ፤ መልሳቸው አናውቀውም ነው። ከእንግዲህ የማንን በር እንደማንኳኳ ጨንቆኛል።

እናታችንን ሰላም በይልኝ፤ ይህን ግን ዓይኗ ሳይሻላት አትንገሪያት። ለአማትሽ አክብሮቴን አድርሺልኝ፤ እሷን ምን እንደምትያት አንቺ ታውቂያለሽ። ትልቁ ልጅሽ ትምህርቱን እንዳያቋርጥ አጎትህ አደራ ብሎሃል በዪው። ትንሿ ደግሞ አባቷ መቼ እንደሚመጣ ስትጠይቅሽ፣ አጎትሽም አያውቅም በዪያት። በቅርቡ ይመጣል እያልኩ ማታለሉን እኔ ከዛሬ ጀምሮ ትቻለሁ።

አክባሪ ወንድምሽ

ከማሽን ክፍሉ አጠገብ ካለችው መኝታዬ፣
ጥር ፳፩ ቀን