ክቡር ዓለም አቀፍነታችን ከግቢው በድንገት በመለየታቸው የወደቀብን ሐዘንና ድንጋጤ

እኛ የዩኒቨርሲቲው የውጭ ግንኙነት ቢሮ ሠራተኞች፣ ክቡር ዓለም አቀፍነታችን ዛሬ ጠዋት ከመካከላችን መለየታቸውን ለግቢው ማኅበረሰብ እናረዳለን። ሐዘናችን ጥልቅ ነው፤ ፍርሃታችን ግን ይብሳል።

ክቡርነታቸው የተወለዱት ፕሬዚዳንታችን ከውጭ ጉዞ ተመልሰው በቢሯችን በር ላይ አዲስ ታፔላ ባሰቀሉ ዕለት ነበር። በዚያው ዓመት የልዩ ልዩ አገር ባንዲራዎች በአዳራሹ ተደረደሩ። የማን እንደሆኑ የጠየቀ የለም፤ ቀለማቸው ያምር ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ምክትል ፕሬዚዳንቱ «ዓለም አቀፍ መሆን ማለት መፈራረም ነው» ብለው ስላስተማሩን፣ ካገኘነው ሁሉ ጋር ስንፈራረም ከረምን።

በሦስተኛው ዓመት ክቡርነታቸው ነፍስ ዘሩ፤ የመጀመሪያውና ብቸኛው የውጭ አገር ተማሪያችን መጣ። ከዚያ ወዲህ ሪባን ሲቆረጥ እሱ፣ ችግኝ ሲተከል እሱ፣ በመጽሔቱ ሽፋን ላይም እሱ ነው።

ዛሬ የቢሯችንን ሥራ የሚመዝኑ ገምጋሚዎች ስለሚመጡ ሱፍ ልናለብሰው ብንሄድ አልጋው ባዶ ሆኖ ጠበቀን። የማደሪያው ዘበኛ «ገና ሳይነጋ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወጣ፤ ቻው እንኳ አላለኝም» አሉን። በፍቅር «ጋሽ ቪዛ» የምንላቸው አለቃችን ጮኹ። «አለቀልን ልጆቼ! ቢሮውን ዘግተው ንብረት ክፍል ይወረውሩናል። ወንበር ስቆጥር ጡረታ ልወጣ ነው!» ምክትል ፕሬዚዳንቱም በበኩላቸው «የስፖርት መምህሩ ቁመቱ ዘለግ ይላል፤ በሱ ቦታ ዝም ብሎ ይቁምልን» ሲሉ መፍትሔ አቀረቡ። መምህሩ ግን «ኧረ ጋሼ! የእናቴ ሱቅ እኮ ከግቢው በር ፊት ለፊት ነው! እኔን የማያውቅ ማን አለ?» ብሎ እግሬ አውጪኝ አለ።

ስለዚህ ተስፋ ለቆረጡት ጋሽ ቪዛ፣ መርዶውን ገና ላልሰሙት ፕሬዚዳንታችን፣ እንዲሁም ባለቤት አልባ ለቀሩት ባንዲራዎች መጽናናትን እንመኛለን።

ይህን ልንለጥፍ ስንሮጥ ልጁ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከመደርደሪያ ጀርባ ተገኘ፤ ሻንጣው ሙሉ መጽሐፍ ነው። ወረቀት እንዳናባክን ከዚሁ ሥር ቀጥለናል።

«የት ገባህ አንተ ልጅ? ልትገድለኝ ነው?» አሉት ጋሽ ቪዛ።

«ፈተና አለብኝ ጋሼ። ስታስቆሙኝ እየዋላችሁ መቼ ላንብብ?»

ገምጋሚዎቹ ከኋላችን ቆመው ኖሯል። «ምንድን ነው የሚማረው?» ብለው ጠየቁን። ጋሽ ቪዛ ምክትሉን አዩ፤ ምክትሉ ጣራውን አዩ። ኋላ ልጁ ራሱ «የውኃ ምህንድስና» ብሎ ገላገለን።

ገምጋሚዎቹም ከእኛ ይልቅ ከሱ ጋር ሲጫወቱ ቆይተው፣ ቢሮው ለጊዜው ባለበት ይቀጥል ብለው ሄዱ። ስለሆነም የሞተ የለም፤ ለቅሶ ለመድረስ የተነሳችሁ ወደየሥራችሁ ተመለሱ። ነገሩ ተጨምቆ ሲታይ፣ አንድ ተማሪ ሊያጠና ሄደ፤ ይኸው ነው።