የማይረጋው ዘይት

ሰኞ፣ ኅዳር 1

አልወረደም። ዶክተሯ «ትንሽ ወርዷል» አለች፤ እኔ ግን ወረቀቱን ሳይሆን ፊቷን ነው ያነበብኩት። አልወረደም።

ነሐሴ ላይ ደሜ ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል መብዛቱን ስትነግረኝ መድኃኒት ልትጽፍ እስክሪብቶ አንሥታ ነበር። የለመንኳት እኔ ነኝ። ክኒን ጠልቼ አይደለም። መንገድ ሲዘጋ መተማ ላይ መጀመሪያ የሚጠፋው መድኃኒት ነው፤ ጀምሬ ባጣውስ? ሌላም ምክንያት አለኝ፤ እሱን ለእሷ አልነገርኳትም። የመጀመሪያዋን ክኒን የዋጥኩ ቀን ፍርሃቴ እውነት የሚሆን ይመስለኛል። ግፊቴንና ስኳሬን አይታ «እሺ፣ መጀመሪያ በምግብና በእንቅስቃሴ እንሞክር። ካልሆነ ግን እንጀምራለን፤ አንከራከርም» አለች። ተስማማሁ። ዛሬ ስንሞክር የቆየነው የታየበት ቀን ነበር።

«የሚበሉትን ይንገሩኝ እስቲ።»

ነገርኳት። ቅቤ ትቻለሁ። ሥጋ ትቻለሁ። ባለቤቴ ጥሩወርቅ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ነው የምትሠራልኝ። ሁሉም በዘይት፤ ቅቤ የሚባል የለም። እንደ ጎበዝ ተማሪ ነበር የዘረዘርኩት። ቀና ብላ አየችኝ። ልትጠይቀኝ የፈለገችው ነገር ነበር። በዚያው ቅጽበት በሩ ተበረገደና በወባ የሚንቀጠቀጥ የአጨዳ ሠራተኛ በቃሬዛ ይዘው ገቡ። ተነሥቼ ወጣሁ።

«ከገና በፊት ይምጡ» አለች ከኋላዬ። «ያን ጊዜ ካልወረደ ክኒን ነው። አብሽሩ መምህር!» ወሎዬ ናት።

አባቴ ያኔ በዚህ በእኔ ዕድሜ ነበር። ሰሊጥ አጨዳ ላይ፣ ነዶ ተሸክሞ፣ «ትንሽ ልረፍ» ብሎ ቁጭ አለ። አልተነሣም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

ጎሕ ሳይቀድ ወጣሁ። ፀሐይ ከወጣች በኋላ እዚህ አገር መራመድ ጤና ሳይሆን ቅጣት ነው።

ስለ ጀሪካኑ እስከ ዛሬ አልጻፍኩም። አፍሬ ነው። በጀመርኩ ሰሞን ባዶ እጄን ነበር የምሄደው። በሳምንቱ የኬላው ሚሊሻ አዲሱ አስቆመኝ።

«መምህር፣ ከየት ወዴት?»

«ዝም ብዬ ነው።»

«ዝም ብሎ የሚሄድ ሰው አለ እንዴ?»

እውነቱን ነው። ድንበር ላይ የሚሄድ ሰው ወይ ተሸክሟል፣ ወይ ሊሸከም ነው። ባዶ እጁን እስከ ድልድዩ ፈጥኖ ሄዶ፣ ምንም ሳይገዛ ፈጥኖ የሚመለስ ሰው የኮንትሮባንድ ጠቋሚ ነው። ስለዚህ በማግስቱ የዘይት ባዶ ጀሪካን፣ ቢጫውን፣ አንጠልጥዬ ወጣሁ። ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። ጀሪካን የያዘ ሰው ጉዳይ አለው።

ዛሬም አዲሱ አዘነልኝ። «ዛሬም ውሃ አላገኙም መምህር? ወይ ፈተና!»

«ምን ይደረግ» አልኩት። መዋሸት ለልብ ጥሩ አይደለም የሚል የጤና ምክር አላጋጠመኝም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

«ከሳህ።»

ጎረቤታችን እማማ ስንዱ ናቸው። «ቀጠንክ» ቢሉኝ ደስ ይለኝ ነበር። ከሳህ ግን የበሽታ ቃል ነው። እዚህ ቆላ የከሳ ሰው ካላዛር ይዞታል፤ ከስቶ ሆዱ ካበጠ ደግሞ አለቀ። በየዓመቱ ለአጨዳ ከደጋ የሚወርዱት ልጆች ላይ አይተውታል፤ አይፈረድባቸውም።

«ና እስቲ፣ ሆድህን ልየው።»

«እማማ፣ ደህና ነኝ። አውቄ ነው የቀነስኩት።»

«አውቆ የሚከሳ! በሞቴ፣ ጥሩወርቅ፣ ምን ነካው ባልሽን?»

ማታውን ቅልጥም ቀቅለው መረቁን በጎድጓዳ ሳህን ሞልተው መጡ። ላዩ ላይ የቅባት ዓይኖች ተንሳፍፈው ያዩኛል። ሐኪም ከልክሎኛል አልኳቸው።

«ሥጋ የሚከለክል ሐኪም ደመወዝ የዘገየበት ነው፤ ራሱ ስላልበላ ነው። ጠጣ!»

ሁለት ጊዜ ተጎነጨሁ። ምን ላድርግ? በፍቅር የመጣ መረቅ ነው። እንዲህ የጣፈጠኝ ነገር አላስታውስም፤ የሚያስፈራኝም እሱ ነው።

ከወጡ በኋላ ጥሩወርቅ ሳህኑን እያጠበች ጀርባዋን ሰጥታኝ «አንተ ስትከሳ የምታማው እኔ ነኝ» አለች። «መምህሩን ጦም ታሳድረዋለች ይላሉ ውሃ ወረፋ ላይ።» ይሄን አላሰብኩትም ነበር። አካሌ የእኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ዓርብ፣ ኅዳር 5

የናፈቁኝ፦ ቅንጬ በቅቤ። የዶሮ ቆዳ። «ጨምሪልኝ» ማለት።

ያልናፈቀኝ፦ ደረጃ ስወጣ ማለክለክ። ድሮ ሁለተኛ ፎቅ ያለው ክፍል ስደርስ መጀመሪያ ጥቁር ሰሌዳውን ደጋግሜ አጸዳ ነበር፤ ትንፋሼ እስኪመለስ። ዛሬ በሩ ላይ እያለሁ «ደህና አደራችሁ» አልኩ። በአንድ ትንፋሽ። ማንም አላስተዋለም፤ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ በልቤ ስስቅ ዋልኩ።

ታዲያ ለምን አልወረደም?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

መንገዱ ሰላም ነው ተባለ። እህቴ ባንቻየሁ ደባርቅ ላይ ነገ ክርስትና ታስነሣለች። እኔ ለሰኞ ፈቃድ አግኝቻለሁ፤ ጥሩወርቅ ግን የምታስተምረው ክፍል ስላለባት ብቻዬን ነኝ የምሄደው።

የመተማ ሰው ባዶ እጁን ደጋ አይወጣም። ጥሩወርቅ የእግር ጉዞዬን ጀሪካን አጥባ ከምናበስልበት ዘይት ሞልታ ሰጠችኝ። መኪናው ውስጥ እግሬ ሥር ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ጀሪካኑና እኔ እውነተኛ ጉዳይ ይዘን ሄድን።

ሸሕዲ ላይ ላቤ ይንጠፈጠፍ ነበር። ጎንደርን አልፈን ሽቅብ ስንወጣ ሹራቤን ደረብኩ። ደባርቅ ደርሰን ከመኪናው ስንወርድ አፋችን እንፋሎት ይተፋል። የባንቻየሁ ሰፈር ዳገት ላይ ነው። ጀሪካኑን አንጠልጥዬ ወጣሁት። መሐል ላይ ቁጭ ማለት አማረኝ። አልተቀመጥኩም። ቁጭ ማለት እፈራለሁ፤ ይሄንንም ለማንም አልነገርኩም።

እሑድ፣ ኅዳር 7

ጠዋት ከማዕድ ቤት በመጣ የባንቻየሁ ጩኸት ነቃሁ።

«ወንድምዬ! ኧረ ምንድን ነው ያመጣህልኝ?»

«ዘይት ነዋ።»

«ዘይት! ና እይ እስቲ ዘይትህን።»

ጀሪካኑን ዘቅዝቃ ያዘችው። ጠብ የሚል የለም። ቀዳዳው በነጭ ነገር ተደፍኗል። ጣቴን ከተትኩ። ቀዝቃዛ፣ የረጋ፣ ነጭ። ሞራ። ቅቤም አይደለም፣ ሞራ ነው የሚመስለው።

«የሚረጋው ነው» አለች እየሳቀች። «እኛ አገር ማን ይገዛዋል? ብርድ ሲሆን በቢላዋ ነው የሚቆረጠው! ደግሞ ምድጃ ሥር አድርጌ እስካሞቀው የድግሱ ወጥ ሊረፍድብኝ ነው።»

እሷ የምታወራው ስለ ድግሷ ነው። እኔ ግን ጣቴ ላይ የቀረውን እያየሁ ቆሜ ቀረሁ።

ስንት ዓመት በልቼዋለሁ? መተማ ላይ አንድም ቀን ረግቶ አይቼው አላውቅም። እንዴት ይረጋል? እንኳን ዘይት ሰው ይቀልጣል እኮ። በየዓመቱ ልጆቹን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ እያልኩ የማስተምር የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ሙቀት ከፍታ ሲጨምር ይቀንሳል። ለፈተና ሁልጊዜ የማወጣው ጥያቄ ነው። እኔ ወደቅኩበት።

ቅቤ ትቻለሁ አልኳት። በዘይት ነው አልኳት።

መሣቅም ማልቀስም አማረኝ። ሣቅኩ። የባንቻየሁ አማት በዚያው ሣቄ መሐል ጎረስ አድርግ ብለው የዶሮ ብልት አጎረሱኝ። ዋጥኩ። ዛሬ ይሁን። ዛሬ ልቤ በሌላ ነገር ተይዟል፤ ያልወረደበት ምክንያት አለው። ምክንያት ካለው መላ አለው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ትናንት ሲመሽ ገባሁ። ዛሬ ከክፍል በኋላ ወደ ዶክተሯ። ነገርኳት።

«ይኸው!» ብላ ጠረጴዛውን መታች። «ያን ቀን ልጠይቅዎ የነበረው ይሄን ነበር፤ የትኛው ዘይት ብዬ። ይሄኛው ከቅቤ ብዙም አይርቅም። በሰሊጥ ዘይት ይቀይሩት። ግን መምህር፣ ሰሊጥም ቢሆን በማንኪያ ነው እንጂ እንደ ውሃ አይፈስም። ደግሞ ዘይቱ ብቻ ነው ብለው እንዳይደመድሙ። ከዘር የሚመጣም አለ።»

ከዘር። አባቴን ነገርኳት። እስከ ዛሬ አልነገርኳትም ነበር። ጻፈችው። «ይሄን መጀመሪያ ነበር መስማት ያለብኝ» አለች፤ አልተቆጣችም፤ ግን እስክሪብቶዋ ትንሽ ቆም አለ። «እንግዲያው የታኅሣሡን ምርመራ አንድ ቀን አያሳልፉት።»

ጥሩወርቅ አላመነችኝም። ከባንቻየሁ ቤት በፌስታል ቋጥሬ ያመጣሁትን አውጥቼ አሳየኋት። ቀልጦ ዘይት ሆኗል! ወርቅ መስሎ ይንጠባጠባል። ምስክሬ መንገድ ላይ ቃሉን ቀየረ።

ግን ባንቻየሁ ስልክ ላይ ነበረች። ሁለቱ ረጅም አወሩ። ስልኩን ስትዘጋ ጥሩወርቅ በመስኮቱ ወደ መንገዱ ታያለች። ሰሊጥ የጫኑ መኪኖች ተሰልፈው ቆመዋል፤ ጆንያ በጆንያ ላይ።

«ሰሊጥ ላይ ተቀምጠን» አለች። «ሰሊጥ ላይ ተቀምጠን!»

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ከሱዳን ሸሽቶ መጥቶ ፉል ቤት የከፈተው ሐሰን ዘይት የሚያስጨምቅበትን ቤት አሳየን። ባቄላው ላይ የሚያፈሰውን ሁልጊዜ «ሲምሲም፣ ሲምሲም» ሲል እሰማው ነበር። የቅመም ስም ይመስለኝ ነበር። ሰሊጥ ማለት ነው ለካ። ጥቁር ቡናማ ዘይት ነው፤ ሽታው የአባቴ ልብስ ሽታ ነው። የአጨዳ ሰሞን ሽታ።

ጥሩወርቅ ሽሮውን ሠራችው። ቀምሳ ፊቷን አጨማደደች። «ይመራል።» ደግማ ቀመሰች። «ይለመዳል።»

ሰኞ፣ ኅዳር 15

የነቢያት ጾም ገባ። ከዛሬ ጀምሮ አገሩ ሁሉ እንደ እኔ ነው የሚበላው። ማንም «ለምን አትበላም» አይለኝም። እማማ ስንዱ እንኳ መረቅ ማምጣት አይችሉም። «ለገና አስቀምጬልሃለሁ» አሉኝ፤ እንደ ማስፈራሪያ ነው የሰማሁት።

ዛሬ ስወጣ ጥሩወርቅ ነጠላዋን አጣፍታ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። በእጇ ሌላ ባዶ ጀሪካን።

«ወዴት?»

«የምታማው እኔ ከሆንኩ አብሬህ ልታይ» አለች።

ፈጣን ናት። ድልድዩ ጋ ስንደርስ እኔ ነበርኩ «ቀስ በይ» ያልኩት። አዲሱ ሁለት ጀሪካን ሲያይ ራሱን ነቀነቀ። «ባሰ እንዴ መምህር?»

እሑድ፣ ታኅሣሥ 19

ነገ ደም እሰጣለሁ። ሱሪዬ በቀበቶ ነው የቆመው። ትንፋሼ ጥሩ ነው። እንቅልፌ ጥሩ ነው። ይሄ ሁሉ ምንም ማለት ላይሆን ይችላል። ሕመሙ አይሰማም፤ ጤናውም እንደዚያው። አባቴም የዚያን ዕለት ጠዋት እየዘፈነ ነው ከቤት የወጣው፤ እናቴ ደጋግማ የምትናገረው እሱን ነው።

ካልወረደ ክኒኑን እወስዳለሁ። ይሄን ጽፌ አልሰረዝኩትም። ከነሐሴ ወዲህ የተለወጠ ነገር አለ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 21

ወርዷል።

ዛሬ ፊቷን ማንበብ አላስፈለገኝም፤ በር ላይ እያለሁ ነገረችኝ። «ወርዷል መምህር! በደንብ!» ከዚያ ወንበሩን ሰጥታኝ ድምጿን ቀነስ አደረገች። ልክ ከሚባለው ገና ትንሽ ይቀረዋል። የአባቴም ነገር አለ። ክኒኑ ይቆይ፤ ከፋሲካ በኋላ ደግማ ታየዋለች። «ከወጣ ግን…»

«አንከራከርም» አልኳት።

ሣቀች። እኔም።

ለጥሩወርቅ ደወልኩላት። «እልልል» ብላ በተማሪዎቿ ፊት አፈረችና ዘጋችው።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 22

ጥሩወርቅ እግሯን ስላመማት ቀረች። በሩ ላይ ጀሪካኑን አነሣሁ። መልሼ አስቀመጥኩት። ባዶ እጄን ወጣሁ። እጆቼን ምን እንደማደርጋቸው ጠፋኝ።

«መምህር፣ ጀሪካኑስ?» አለ አዲሱ ከኬላው።

«ቤት ነው።»

«ታዲያ ወዴት ነው?»

«የትም። ልራመድ ነው። ሐኪም አዞኝ ነው፤ ደሜ ውስጥ ቅባት በዝቶ።»

ባዶ እጆቼን አየ። «ይሄን ሁሉ ጊዜ… ውሃ ፍለጋ አልነበረም?»

«አልነበረም።»

«ወይኔ አዲሱ!» ራሱን ያዘ። «እኔ እኮ ለቀበሌው ሊቀመንበር አመልክቼልዎታለሁ! መምህሩ ከነሚስታቸው ጎሕ ሳይቀድ ውሃ ፍለጋ ይንከራተታሉ፣ ያሳዝናሉ ብዬ። ዓርብ ቦቴ ይላክላቸዋል ተብሏል!»

ከሣቅ ብዛት መቆም አቃተኝ። ከኬላው አጠገብ ድንጋይ አለ፤ ሳላስበው ቁጭ አልኩ። አዲሱም ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ከጎኔ ቁጭ አለ፤ እንባችን እስኪመጣ ሣቅን። ለቦቴው ምን እንደምንል እስካሁን አላወቅንም።

ከዚያ እንባችንን ጠረግን። የማለዳዋ ፀሐይ ከወዲያ ማዶ የሱዳኗን ጋላባት አበራች። ቁጭ ማለቴን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ልቤን አዳመጥኩት። ይመታል። ለሌላ ሰው የሚመታ ያህል ዝም ብሎ ይመታል።

ትንሽ ቆየሁ።

ተነሣሁ።