ስላስነቀላችሁኝ አራት መብራቶች

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ቴክኒክ ምርመራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም በሦስተኛው መስመር ላይ ለተመደቡት ባለ ሰማያዊ ቱታ መርማሪዎ የተሟላ ጤና፣ በተለይም የዓይን ጤና እመኛለሁ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ የተገደድኩት በታሸገ ፖስታ የላክኋቸው ሁለቱ ደብዳቤዎች መዝገብ ቤት ገብተው መውጫው ስለጠፋባቸው ነው፤ ደግሞም ሰው ሁሉ ቢያነበው የጽሕፈት ቤትዎን ትጋት ከማሳወቅ በቀር የሚያደርሰው ጉዳት አይታየኝም።

ማንነቴን ባጭሩ ልግለጽ። የልብስ ስፌት መኪና ጠጋኝ ነኝ። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ የተዋወቅነውም የስፌት መኪናዋ መርፌ እየሰበረ መከራዋን ባሳያት ሰሞን ነው። ባለቤቴ መስማት የተሳናት ስለሆነች የምንነጋገረው በእጅ ነው። የሰባት ዓመት ሴት ልጅ አለችን፤ እሷ ትሰማለች፣ በሁለቱም ቋንቋ ያለ ዕረፍት ትለፈልፋለች፣ አስምም አለባት። ከዚህ ሌላ ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም የማያንስ ባለ አራት በር መኪና አለችን፤ ጽሕፈት ቤትዎ ከቤተሰባችን መካከል የሚያውቀው እሷን ብቻ ነው።

አንደኛ፦ ምስጋና ማስቀደም ተገቢ ነው። ባለፈው ዓመት መኪናዬን ለዓመታዊ ምርመራ ባቀረብኩ ጊዜ የጣሪያዋ አምፖል እንደማይበራ ደርሳችሁበት፣ በቅጹ ላይ “የውስጥ መብራት” ከሚለው ጎን “የለም” በተባለው ሳጥን ውስጥ ትልቅ የኤክስ ምልክት አድርጋችሁ ስለመለሳችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። እኔ በሞኝነቴ ያንን አምፖል እንደ ጌጥ ስቆጥረው ኖሬአለሁ። ቀይር ተባልኩ፤ ቀይሬ አለፍኩ። አዲሱ አምፖል በሦስተኛው ሳምንት ተቃጠለ፣ እኔም እስከሚቀጥለው ምርመራ ማን ያየዋል ብዬ ተውኩት። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ከተዘረዘሩት ጥፋቶች መካከል የእኔ የሆነው ይህ ነው፤ አልክደውም።

ወደ ሁለተኛው ከመሻገሬ በፊት ስለ አንድ ምሽት እንድነግርዎ ይፍቀዱልኝ።

ከአማቴ ቤት እየተመለስን ነበር። ገና አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው፤ ግን ጨልሟል፣ መንገዱም እየተቆፈረ ስለነበር የመንገድ መብራቶቹ ጠፍተዋል። ባለቤቴ ልጃችንን አቅፋ ከኋላ ተቀምጣለች፤ እኔ ሬዲዮ ከፍቼ ኳስ እሰማለሁ። በቤታችን አንድ የቆየ ልማድ አለ፤ እኔ መፍጠን ስለሚቀናኝ ባለቤቴ ትከሻዬን ከኋላ ሁለት ጊዜ መታ መታ ታደርገኛለች፣ ትርጉሙም “ቀስ በል” ነው። በዚያች ምሽት ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ፤ ቀስ አልኩ። ደገመችኝ፤ ይብሱን ቀስ አልኩ። ዞር ብዬ ሳይ እጆቿ ይንቀሳቀሳሉ፣ የሚሉት ግን አይለይም። ሦስተኛ ጊዜ ስትመታኝ ደሜ ፈላ፤ ከዚህ በላይ ቀስ ካልኩ ወርጄ መግፋቴ ነው ብዬ እያጉረመረምኩ፣ እንደ ሙሽራ መኪና እየተንቀራፈፍኩ መንገዴን ቀጠልኩ።

ልጄ ከጀርባዬ ትንፋሽ አጥሯት ነበር። በአፏ የምትስበው መድኃኒት ያለው ደግሞ ከኋላ የዕቃ መጫኛው ውስጥ በተቀመጠው ቦርሳ ነው። ባለቤቴ “አቁም፣ መድኃኒቱ ከኋላ ነው” ትለኛለች፤ እኔ ግን እሷን የታዘዝኩ እየመሰለኝ አዘግማለሁ፣ የልጄን ሲር ሲር የሚል ትንፋሽም የኳሱ ጩኸት ውጦብኛል። በመጨረሻ ባለቤቴ በድምጿ ጮኸች። ክቡር ሆይ፣ ባለቤቴ ድምጿን አታወጣም፤ በልጅነቷ ስለተሳቀባት እርግፍ አድርጋ ትታዋለች። እኔ እንኳ የሰማኋት ልጃችንን ስትወልድ አንድ ጊዜ፣ በዚያች ምሽት ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ነው። ያኔ ቆምኩ። የልጄ ከንፈር ጠቁሮ ነበር።

መድኃኒቷን ስባ፣ ሆስፒታል ሁለት ቀን ተኝታ ተረፈችልን። ሐኪሟ ትንፋሿ ካጠረ ስንት ደቂቃ እንደሆነው ስትጠይቀኝ ግን ወደ ባለቤቴ ዞርኩ፤ ባለቤቴ በጣቶቿ ቁጥሩን አሳየቻት፣ እኔም ያን ጊዜ ከሐኪሟ ጋር እኩል ሰማሁት። ያንን ቁጥር እዚህ አልጽፈውም።

ሁለተኛ፦ በተከታዩ ሳምንት ወደ መኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሄጄ የኋላው ወንበር መብራት እንዲገጠምለት ጠየቅሁ። ሰውየው መጀመሪያ ላይ “ሐምራዊ ላድርግልህ፣ ከሙዚቃው ጋር አብሮ የሚደንስም አለ” ሲለኝ፣ ነገሩን አስረዳሁት። ፒንሳውን አስቀመጠና “እስኪ ‘አቁም’ ሲሉህ እጃቸውን እንዴት ነው የሚያደርጉት?” አለኝ። አሳየሁት። “እንደሱ ከሆነ ብርሃኑ ከላይ እጃቸው ላይ ነው መውረድ ያለበት፤ መስታወቱ ላይ እንዳያንጸባርቅብህ እጋርደዋለሁ” ብሎ ሥራውን ጀመረ። ቀጫጭን፣ ነጭ፣ አራት መብራቶች ናቸው፤ ሁለቱ ከኋላ በሮቹ በላይ፣ አንዱ በፊተኛው ወንበር ጀርባ፣ አንዱ ከእግር ሥር። በር ሲከፈት ይበራሉ፤ በተጨማሪም በባለቤቴ መቀመጫ ጎን አንዲት ቁልፍ አለች። ሽቦው ሁሉ በራሱ ፊውዝ የተጠበቀ ነው። ቁልፏ ስትጫን እኔ ዳር ይዤ እቆማለሁ፣ ከዚያ ዞሬ “እሰማለሁ”፤ ውላችን ይህ ነበር።

መብራቱ በተገጠመ ዕለት ባለቤቴ ከኋላ ተቀምጣ ቁልፏን ተጫነች፣ ብርሃኑ እጆቿ ላይ ወረደ፣ እኔም ምን ትለኝ ይሆን ብዬ ዞርኩ። “ይህች መኪና እንዴት ቆሻሻ ናት!” አለችኝ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ምን እንዳለች ጠይቆኝ ስነግረው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። በተከታዩ ወር ደግሞ ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት እንዴት ያለሁ ክፉ ሹፌር እንደነበርኩ በዝርዝር ተረዳሁ፤ ይህን ሁሉ ጊዜ ስትናገር ኖራለች፣ ያልታየው ለእኔ ነው።

ሦስተኛ፦ ዘንድሮ ለምርመራ ስቀርብ መርማሪዎ የኋላውን በር ከፍተው አራቱ መብራቶች ቦግ ሲሉ “ኧረ ጉድ! ጭፈራ ቤት ነው እንዴ ይዘህ የመጣኸው?” በማለት ያደረጉልኝን አቀባበል መቼም አልረሳውም። ደስታቸውን ለብቻቸው መያዝ ስላልሆነላቸው የሁለተኛውንና የአራተኛውን መስመር ባልደረቦቻቸውን ጠርተው በሩን አራት አምስት ጊዜ ከፍተው ዘግተዋል። ተራ ጠባቂው ሁሉ ሳቀ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ በግቢያችሁ ስሜ “ባለ ጭፈራ ቤቱ” ሆኗል። ባለቤቴ መኪናው ውስጥ ነበረች። ሰዎቹ ምን እንዳሉ ጠየቀችኝ። መብራቱን ወደዱት አልኳት። በእሷ ቋንቋ የዋሸሁት የመጀመሪያ ውሸቴ ነው፤ ምንም አልጠቀመም፣ ምክንያቱም እሷ የሳቅን ዓይነት ከእኔ ይልቅ ታውቃለች። እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ አስቀመጠች፣ ቤታችን እስክንደርስም አላነሳቻቸውም።

ቅጻችሁ “አለ” እና “የለም” ከሚሉት ሁለት ሳጥኖች በቀር ሌላ ስለሌለው፣ መርማሪዎ በቅጹ ጠርዝ ላይ በእጅ ጽሑፋቸው “ትርፍ መብራት፣ ሹፌር ያዘናጋል፣ በአሥራ አምስት ቀን ይነቀል” ብለው መጻፋቸውን ሳላደንቅ አላልፍም። እርግጥ ነው፣ ያዘናጋል። የተገጠመውም እኔን ለማዘናጋት ነው። ልጄ ትንፋሽ ባጠራት ምሽት ለኳሱም ለመንገዱም የነበረኝ ትኩረት የሚያስመሰግን ነበር።

አራተኛ፦ ቅሬታዬን ለማቅረብ በመጣሁ ቀን ክቡርነትዎ ከመኪናዎ ሲወርዱ ለማየት ታድዬአለሁ። በሩ ሲከፈት ከመርገጫው ሥርም፣ ከወንበሩ ሥርም፣ ከጣሪያውም ለስላሳ ብርሃን ፈሶ የጫማዎ ማሰሪያ ሳይቀር ታየኝ። በጣም ያምራል። የግቢውን ዘበኛ ብጠይቀው “እሱ እኮ ከፋብሪካው ጋር የመጣ ነው” አለኝ። ገባኝ፤ ፋብሪካው ለክቡርነትዎ ጫማ አስቦ፣ ለባለቤቴ እጆች ማሰብን ግን ዘንግቶታል።

አምስተኛ፦ የቅሬታ መስኮታችሁ ላይ ቅሬታ የሚቀርበው በቃል ብቻ፣ በባለጉዳዩ ብቻ መሆኑ ተለጥፏል። ባለቤቴ “ጉዳዩ የእኔ ነው፣ እኔ ልንገራቸው” ብላ አብራኝ መጥታ ነበር። የመስኮቱ ሠራተኛ “ትናገር” አሉ። እየተናገረች መሆኗን ነገርኳቸው። “እኔ አልሰማሁም” አሉ። ላስተርጉም ብላቸው የውክልና ወረቀት አምጣ አሉኝ። ባለቤቴ እስከመጨረሻው ተናገረች፣ ሠራተኛዋም እስከመጨረሻው በትዕግሥት አልሰሙም፤ ከዚያ “ቀጣይ!” ተባለ።

ስለዚህ ትእዛዛችሁን ፈጽሜአለሁ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው “እኔ አልነቅልም፣ እጄ እሺ አይለኝም” ስላለ ራሴ በስፌት መኪና መፍቻዬ ነቀልኳቸው። የመጨረሻውን ስፈታ ስለጨለመብኝ ባለቤቴ የስልኳን መብራት ይዛ ቆማልኛለች። አራቱንም ጠቅልላ የአዝራር ሣጥኗ ውስጥ አስቀምጣቸዋለች። ከዚያ ወዲህ መኪና ውስጥ ስትቀመጥ የልጃችንን መድኃኒት በመዳፏ ጨብጣ፣ ዓይኗን ከልጅቷ ደረት ሳትነቅል ነው። በመዳፏ አንድ ነገር የጨበጠች ሴት ደግሞ፣ ክቡር ሆይ፣ ግማሽ አፏን ዘግታለች ማለት ነው። እናቷ ዘንድ መሄድም ትታለች፤ ስንመለስ ይመሻል ትላለች። እኔ እፈራለሁ። ጠንካራ ሰው መስሎ መጻፍ አምሮኝ ነበር፣ ግን እፈራለሁ፤ ትከሻዬን ዝንብ ቢነካኝ እንኳ መኪና አቆማለሁ።

የምለምነው ትልቅ ነገር አይደለም። በቅጻችሁ ላይ “አለ” እና “የለም” ከሚሉት ጎን “ያስፈልጋል” የሚል አንድ ሳጥን ይጨመርልን። ይህ ከከበደ በጽሕፈት ቤቱ ማኅተም አንዲት ብጣሽ የፈቃድ ወረቀት ትሰጠን፤ መብራቶቹን እኔው መልሼ እገጥማለሁ፣ የአዝራር ሣጥኑ ቅርብ ነው።

ለሰጣችሁኝ ጊዜ፣ ለሳቃችሁልኝ ሳቅ፣ ላልሰማችሁኝም ሁሉ ምስጋናዬን ከወንበሬ ተነስቼ እያቀረብኩ፣ የመኪናዎ በር በተከፈተ ቁጥር ብርሃኑ እንዳይለይዎ ከነቤተሰቤ እመኛለሁ።

ጽሕፈት ቤትዎን ከማክበር ቦዝኖ የማያውቀው፣
በሦስተኛው መስመር “ባለ ጭፈራ ቤቱ” በመባል የሚታወቀው
የስፌት መኪና ጠጋኝ

ግልባጭ፦ ለባለቤቴ፣ ብርሃን ያለበት ቦታ ስንደርስ የሚነገራት

ማስታወሻ፦ መብራቶቹን ነቅዬ ለድጋሚ ምርመራ የቀረብኩት ባለፈው ማክሰኞ፣ ሰማዩ ደመና በለበሰበት ከሰዓት በኋላ ነበር። ያ የምርመራ አዳራሻችሁ ጣሪያው ጥላሸት ስለለበሰ በእንዲህ ያለ ቀን ጨለም ይላል። መርማሪዎ መጀመሪያ እንደገና የቀየርኩት የጣሪያ አምፖል መብራቱን አይተው “አለ” የሚለው ላይ ምልክት አደረጉልኝ። ከዚያ መብራቶቹ በእርግጥ መነቀላቸውን ለማረጋገጥ አንገታቸውን ወደ ኋላው ወንበር አስገቡና ጥቂት ሲዳብሱ ቆይተው “የፊቱ አምፖል እዚህ አይደርስም እኮ፤ እስኪ ሌላ መብራት አብራልኝ” አሉኝ። እኔም ከሹፌሩ ወንበር ላይ ዞሬ፣ የዚያችን ምሽት ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በባለቤቴ ቋንቋ፣ በሁለት እጆቼ መለስኩላቸው። ዓይናቸውን አጥብበው ትንሽ ካዩኝ በኋላ እንዲህ አሉ፦ “ምን እያልክ ነው? አይታየኝም።”