ሦስት ቀን ጮኾ ዝም ስላለው የፍሬን ሸራ

ለክቡር ናና ብሬምፖንግ
የአንኮማ ሰፈር የመኪና መለዋወጫ ነጋዴዎች ማኅበር ሊቀመንበር
ኩማሲ

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ ጉልበትዎ የጸና፣ ቤተሰብዎም ከማናቸውም ቁልቁለት የተጠበቀ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ያው ባርፎር የተባልሁ የጂኦግራፊ መምህር ስሆን፣ ከማኅበርዎ አባል ከአቶ አማንክዋ ሱቅ የፍሬን ሸራ ገዝቼ እቤቴ በገዛ እጄ የቀየርሁ ሰው ነኝ። ስለተደረገልኝ መስተንግዶ በአደባባይ ሳላመሰግን መቅረት ነውር ስለሆነብኝ ይህን ጻፍሁ።

፩. ሸራው ከማቀፊያው ብረት ውስጥ አልገባ ሲለኝ ለአቶ አማንክዋ ደወልሁ። እሳቸውም ጫፍና ጫፉን ሞረድ ትንሽ ባቀምሰው እንደሚገባ በትዕግሥት አስረዱኝ። እኛ ዘንድ ለሌላ መኪና የተሠራ ዕቃ ሁሉ ተሞርዶ የእኛ ይሆናልና፣ አባቴም አጎቴም እንዳደረጉት ሞረድሁት። ይህ የራሴ ጥፋት ነው፤ አልክድም። ካርታው አልገጥም ሲል ወንዙን ሞርዱት ብዬ ተማሪ የማላስተምር ሰው፣ በመኪናዬ ላይ ግን ይህንኑ ፈጸምሁ።

፪. ጎማው ከታሰረ በኋላ መኪናዋ ፍሬን ሲያዝ ወደ ግራ ትጎትት፣ ትጮኽም ጀመር። በክሪክ አንሥቼ ተንሸራታቾቹን ዘንጎች አጽድቼ ግራሶ ቀባሁ፤ ፒስተኑን ገፍቼ አየሁ፤ ከፍሬን ዘይቱ ውስጥ አየር አስወጣሁ። ሁሉም ደህና ነበር። የቀረው ሸራው ብቻ ስለሆነ ሰኞ በማለዳ ልመልሰው ሄድሁ። ለካስ የቀኑ የመጀመሪያ ሽያጭ ሳይፈጸም ዕቃ መላሽ ከመጣ ሱቁን ቀኑን ሙሉ አይቀናውም ኖሯል፤ ደጃፉ ላይ እንኳ እንዳልቆም በክብር ተለመንሁ። ከሰዓት ስመለስ ደግሞ፣ ከካርቶኑ የወጣ ዕቃ አይመለስም የሚለውን በማኅበርዎ ማኅተም የጸደቀ ደንብ አሳዩኝ። እንግዲህ ጠዋት አይመለስም፣ ከሰዓትም አይመለስም። አቶ አማንክዋ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «መምህር፣ አዲስ ሸራ ሦስት ቀን ይጮኻል፤ ከዚያ ራሱ ዝም ይላል። አንተ ዝም ብለህ ንዳው» አሉኝ። አመንኋቸው።

ቃላቸው አልታጠፈም። በሦስተኛው ቀን ዝም አለ።

፫. ዝም ያለው ከተለጠፈበት ብረት ተላቅቆ መንገድ ላይ ስለቀረ ነበር። ይህን ያወቀችው ባለቤቴ አፍራኮማ ናት፤ ወደ ጤና ጣቢያዋ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስትረግጥ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ወረደ። ከፊቷ ገበያተኞች ስለነበሩ መሪውን ወደ አሸዋ ክምር ጠመዘዘችው። ሌላ ሰው አልተነካም፤ የእሷ ቀኝ እጅ ግን አንጓው ላይ ሁለት ቦታ ተሰበረ። አፍራኮማ አዋላጅ ናት። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚያ እጅ ሕፃናት ተቀብላለች፤ ሐኪሙ እንደ ቀድሞው እንደሚታዘዛት ቃል ሊገባልን አልደፈረም። ባዶውን ብረት ያየ መካኒክ ደግሞ ቀሪውን ፍርፋሪ በጥፍሩ ፍቆ፣ አሽትቶ፣ ሙጫና የእንጨት ብናኝ ነው ብሎ ወረወረው።

፬. ማኅበርዎ ሦስት ሽማግሌዎች ልኮ ስለጠየቀን፣ ብርቱካንም ስላስያዛቸው ምስጋናችን ወሰን የለውም። እንደተቀመጡ ግን የእሷን እጅ ትተው እኔን እያዩ፣ ፍሬን እቤቱ የሚቀይር ሰው እግዚአብሔርን ይፈታተናል አሉ። አፍራኮማም፣ «አባቶቼ፣ እሱስ ሞርዷል፤ ይጠየቅ። እናንተ ግን የዚያን ሸራ ካርቶን ከሱቁ መደርደሪያ አውርዳችሁ ነው የመጣችሁት ወይስ እንደተደረደረ ነው?» አለቻቸው። ሽማግሌዎቹ ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ። ክቡርነትዎ፣ ጨዋነቴ እዚህ ላይ ያልቅብኛል፤ ተጸይፌያችኋለሁ። ካርቶኑ ይውረድ። ዛሬ ጠዋት በአቶ አማንክዋ ሱቅ በኩል ሳልፍ እዚያው እንደተደረደረ ነበር።

ረጅም ዕድሜና የሚይዝ ፍሬን እንዲሰጥዎ እየጸለይሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣ፣ እንደ ዕቃችሁ የማይመለስ ደንበኛዎ፣

ያው ባርፎር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ቅዳሜ ማኅበርዎ ለዓመታዊ ሽርሽሩ ወደ ሐይቁ የሚጓዝበት አውቶብስ የጎረቤቴ የባዱ ነው። ትናንት የፊት ጎማውን ስፈታለት፣ ከአቶ አማንክዋ የገዛውን የዚያኑ ፋብሪካ ሸራ አገኘሁ። አውጥተን በሌላ ቀየርነው። ሠላሳ ሁለት አባላትዎ የገዛ ዕቃቸውን ቁልቁለት ላይ የመሞከር ዕድል ስላመለጣቸው ይቅርታ እጠይቃለሁ። አውጣው ያለችኝ አፍራኮማ ናት፤ እኔማ ብቻዬን ብሆን ጥቂት አስብበት ነበር።