ጥቁር ውኃን ማን ተሻገረ?

ይድረስ ለእናቴ ልጅ ለወይዘሮ የሺእመቤት፤
ሚዛን

የሺዬ፣ እንደምን ሰንብተሻል? በክረምቱ ሲያስቸግርሽ የነበረው የትንፋሽ ማጠር በበጋው ለቀቅ አደረገሽ ወይ? ባለቤትሽ አቶ ኃይለኢየሱስ ደህና ናቸው? ጡረታ ከወጡ ወዲህ የቡናው ማሳ ናፍቋቸው ይሆን ወይስ አርፈው ተቀመጡ? ልጅሽ ሊድያስ ከነልጆቿ እንዴት ናት? እኔ ከዚህ ከደጋው ሆኜ የእናንተን አገር ዝናብ በሬዲዮ በሰማሁ ቁጥር ጣራችሁ ደህና ይሆን እያልኩ አስባለሁ። እኛ ፈጣሪ ይመስገንና አለን፤ ልብስ ሰፊው ወዳጄ ጀብሪል እንደሚለው፣ አልሀምዱሊላሂ፣ በራሳችን እግር ቆመን እንሄዳለን።

የበልጉ ዝናብ ዘንድሮ ዘግይቶ ገበሬውን አስጨንቆ ነበር፤ ካለፈው ሳምንት ወዲህ ግን ጥቂት ጥቂት እያለ ጀምሯል። ባለቤቴ ስመኝ ጉልበቷን ያማታል፤ ምላሷ ግን ዕድሜ አልነካውም። እኔ ደሴ ሄጄ ሰው ሠራሽ ጥርስ አስገብቻለሁ። «ጸሎት» ስል ያፏጫል። ጀብሪል ይህንን ሲሰማ፣ «እንኳን ደስ ያለህ፤ ተረትህ ዋሽንት የሚያጅበው ሆነ» አለኝ።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ ነገር ግን የምታውቂው ከሩቅ ስለሆነ ጥቂት ልግለጥልሽ። የጽሑፍ ሰው ነኝ እላለሁ እንጂ ስሜን ያቆመልኝ አፌ ነው። ያሳተምኳቸው ሁለት መጻሕፍት ከአልጋዬ ሥር ተኝተዋል። አንድ ታሪክ ሳዘጋጅ መጀመሪያ በደብተር እጽፈዋለሁ፤ ከዚያም ጀብሪል ሱቅ ሄጄ እርሱ እየሰፋ ጮክ ብዬ አነብለታለሁ። እግሩ የስፌት መኪናውን መርገጡን ካላቆመ ታሪኩ አልበሰለም ማለት ነው፤ ደብተሬን አጥፌ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። እግሩ ከቆመ ግን በቃሌ አጠናውና ወረቀቱን ትቼ ሰው ፊት እቆማለሁ። በአዳራሽም ከፊት ወንበር ይቀመጥና ትንፋሽ በወሰድኩ ቁጥር «ከዚያስ?» እያለ ይቀበለኛል። ተቀባይ የሌለው ተራኪ መንገድ ላይ ብቻውን ከሚያወራ ሰው አይለይም።

በዚህ ዓይነት አርባ ዓመት ከመካነ ሰላም አጅባር፣ ከአጅባር ማሻ፣ አንዳንዴ በሚኒባስ አንዳንዴም በጭነት መኪና ጋቢና ስንንገላታ ኖረናል። የአጅባር ሰው ከገበያ ስለሚመጣ ቶሎ ይስቃል፣ ቶሎም ተነሥቶ ይሄዳል። የማሻ ሰው ግን ድንጋይ ነው፤ አልወደዱልኝም ብለሽ አዝነሽ ስትመለሺ፣ በሳምንቱ ታሪክሽን አንድ ቃል ሳያጓድሉ መልሰው ሲነግሩሽ ትሰሚያለሽ። በሁሉም ዘንድ ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ታሪክ አለ፤ እርሱም እናታችንን ለማዳን በክረምት ሙላት ጥቁር ውኃን የተሻገርኩበት ነው። ይህንን ስጽፍልሽ እጄ እንደሚከብደኝ ሳታውቂ አትቀሪም።

ባለፈው ጥቅምት ከወረዳው የባህል ጽሕፈት ቤት ትህትና የምትባል ወጣት ሠራተኛ መጣች። ታሪኮቼን በስልኳ እየቀዳች፣ በኮምፒውተር እየጻፈች፣ አንድ መጽሐፍ ሆነው እንዲታተሙ ትደክማለች። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን ለተማሪዎቼ ስንት ዓመት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ኖሬአለሁ! ለራሴ ሲሆን እንዲህ እንደሚያስፈራ ግን አላወቅኩም ነበር። አንድ ቀን ሦስት ቅጂ ይዛ መጣችና እንደ አፈረች ሆና፣ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር፤ በማሻው ቅጂ ውኃው እስከ ወገብዎ ነው፣ በአጅባሩ እስከ ደረትዎ፣ አምና እዚህ አዳራሽ በተናገሩት ላይ ደግሞ እስከ አገጭዎ ደርሷል፤ የትኛውን ልጻፍ?» አለችኝ። ስመኝ ከጓዳ ሆና፣ «አንድ ዓመት ብትታገሺ ይሰጥምልሽ ነበር» አለች። ሁለቱ ከልባቸው ሳቁ። እኔም አብሬአቸው ሳቅኩ።

የሺዬ፣ እኔና አንቺ ብቻ የምናውቀውን ነገር ዛሬ በጽሑፍ ላኑረው። ነሐሴ 1959 ዓ.ም. ነበር። አባታችን ቆላ ወርዶ ነበር። እናታችን ከወሊድ በኋላ ትኩሳት ይዟት፣ ሦስት ቀን ሙሉ ቃል ከአፏ አልወጣም። መርፌ የሚወጋው ድሬሰር የሚገኘው መካነ ሰላም ነው፤ በመካከል ደግሞ ጥቁር ውኃ አለ። እኔ አሥራ ስድስት፣ አንቺ አሥራ ሁለት ዓመታችን ነበር። ለድሬሰሩ የተላከውን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። ወንዙ ዳር ስንደርስ ውኃው ግንድ ሲያንከባልል አየሁና ከወይራው ሥር ተቀመጥኩ። «ይጎድላል፣ እንጠብቅ» አልኩሽ። አንቺ ግን ደብዳቤውን ከእጄ ወሰድሽ፤ በነጠላሽ ጫፍ ቋጥረሽ አናትሽ ላይ አሰርሽና ወደ ላይኛው መታጠፊያ ሄድሽ። ቁጥቋጦው ጋረደሽ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላየሁም፤ ፊቴን ወደ ወይራው ግንድ አዙሬ ነበር።

ከቀትር በኋላ ውኃው ጎደል ሲል ድሬሰሩ በበቅሎ፣ አንቺ ከኋላው ተፈናጥጠሽ መጣችሁ። ሦስታችንም አብረን ቤት ገባን። መርፌው ገብቶላት እናታችን ዓይኗን ስትገልጥ ፊቷ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። «አንተ ነህ ያመጣህልኝ?» አለች። ዝም አልኩ። እርሷም ዝምታዬን እንደ አዎንታ ወስዳ እጄን ያዘችና፣ «አፍህ ይባረክ፤ በሰው ፊት አያሳፍርህ፤ ተናግረህ የምትሰማ ሁን» ብላ መረቀችኝ። አንቺ በሩ አጠገብ ቆመሽ የቀሚስሽን ጫፍ ትጨምቂ ነበር። በእኛ አገር ምርቃት ምን ማለት እንደሆነ ለአንቺ አልነግርሽም። ሰው ፊት ቆሜ ቃል ሲሰምርልኝ፣ እልልታው ሲቀልጥልኝ፣ ይህ የማን እንደነበረ ያልታወሰኝ ቀን የለም።

በ1976 ዓ.ም. አጅባር ሳስተምር፣ በወላጆች በዓል ላይ አንድ ነገር እንድናገር ተጋበዝኩ። «እህቴ» ብዬ ልጀምር አስቤ ቆምኩ፤ አፌ ግን «እኔ» አለ። እናቶች አለቀሱ፤ ርእሰ መምህሩ ተነሥቶ አቀፈኝ። ከዚያ በኋላ መመለሻው ጠፋኝ። መሻገሪያውን ስላላየሁት ባዶውን መሙላት ነበረብኝ፤ ግንድ አስገባሁ፣ የሚዋኝ በሬ ጅራት አስያዝኩ፣ ከአዞ በቀር ያልጨመርኩት የለም።

ሊድያ አምና ተማሪዎች በስልክ ያሰራጩትን ቅጂ እንዳሰማችሽ ነግራኛለች። እስከ ፍጻሜው አዳመጥሽ አሉ። በማግስቱ ስደውልልሽ፣ «ወንድም ጋሼ፣ ለመሆኑ አሁንም ትዋኛለህ?» ብለሽ ሳቅሽ፤ ወዲያውም ስለ ጤፉ አዝመራ ጠየቅሽኝ። ብትቆጪኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ይህንኑ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ደወልኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናብና ስለ ጤናሽ አውርቼ ዘጋሁት። አፌ መሸሽ ለምዷል። በብዕር የመጣሁት ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሰሞኑ ነገር ልግባ። ትህትና ረቂቁን ከመዝጋቷ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ በሕዝብ ፊት ልትቀዳኝ ፈልጋ ለባለፈው ቅዳሜ አዳራሹን ያዘችልኝ። ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን ስለገጠሙ ነጋዴውም ተማሪውም የመንግሥት ሠራተኛውም ጾመኛ ነው፤ ሁሉም ከቀትር በኋላ ከንፈሩ ደርቆ ተቀምጧል። ለጀብሪል እንኳ አስቀድሜ ምንም አልነገርኩትም። ከቤት ተነሥተን ወንዙ ዳር እስክንደርስ ድረስ እንደ ወትሮው ተረክሁት።

«ከዚያስ?» አለ ጀብሪል።

«ከዚያማ እኔ ፈራሁና ተቀመጥኩ» አልኩ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ አዲስ ቀልድ መስሏቸዋል። ሳቁ እስኪያልቅ ቆሜ ጠበቅኩና፣ «የተሻገረችው እህቴ የሺእመቤት ናት፤ ያን ጊዜ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች፤ አርባ ዓመት የነገርኳችሁ የእርሷን ታሪክ ነው» አልኳቸው።  ከኋላ የተቀመጡ ሁለት ተማሪዎች ስልካቸውን ዝቅ አደረጉ። ከእነርሱ ይልቅ የከበደኝ የጀብሪል ፊት ነበር፤ ይህን ሁሉ ዓመት ሲቀበለኝ የኖረው እርሱ ነውና።  እርሱም ጎንበስ ብሎ፣ «ከዚያስ? ልጅቱ እንዴት ተሻገረች?» አለኝ።

 «አላውቅም» አልኩ። «እንዴት አታውቅም? አርባ ዓመት ስታሻግረን ከርመህ!» አለ። «ፊቴን አዙሬ ነበር ጀብሪል» አልኩት። አንዲት በርበሬ ነጋዴ ከመካከል ብድግ ብላ፣ «ታዲያ አይጠይቋትም ጋሼ? በሕይወት የለችም እንዴ?» አለች። አለች አልኳት። «ስልክ የላትም?» አላት አልኳት። «እንግዲያ ምን ጎለተዎት!» ስትለኝ ሰው ሁሉ ሳቀ። የጀመርኩትን ሳልጨርስ ከመድረክ ስወርድ በዕድሜዬ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ማንም አላጨበጨበም፤ ማንም ደግሞ አልሄደም፤ ቀሪውን የሚጠብቁ ይመስል ደጁ ላይ ቆመው ቆዩ።

ስንወጣ ጀብሪል ክንዴን ይዞ፣ «አብሽር፤ በጾም አፍህ እውነት ተናገርክ፤ ‹ከዚያስ› እያልኩ ላስዋሸሁህ ግን አላህ እኔንም ይማረኝ» አለኝ። ስመኝ በበኩሏ መንገድ ላይ፣ «እኔማ ካገባሁህ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ቦይ ስንሻገር እጄን የምትይዝ አንተ አይደለህም እንዴ?» ብላ አሳቀችኝ። ይህን ያህል ዓመት አውቃ ለምን እንዳልተናገረችኝ ብጠይቃት፣ አንተስ እስከ ዛሬ ለማን ተናገርክ ብላ መለሰችልኝ።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። በመጽሐፉ ረቂቅ ውስጥ፣ ቁጥቋጦው ከጋረደሽ ጀምሮ ከድሬሰሩ ደጃፍ እስከቆምሽ ድረስ ላለው፣ ሁለት ባዶ ገጽ አስቀርተናል። ያ የአንቺ ነው። አንቺ ተናገሪ፣ ሊድያ ትጻፈው፤ እንዳታሳምረው አደራ በያት። ታሪኩም በስምሽ ይቆማል። አልናገርም ካልሽ መብትሽ ነው፤ ገጹ ባዶውን ይታተማል፣ እኔም ከሥሩ «ይህ የባለታሪኳ ነው፤ አልሰጠችንም» ብዬ እጽፋለሁ። ትህትና እስከ ሰኔ ልትታገሠኝ ቃል ገብታለች።

ሌላም ጥያቄ አለኝ፤ እርሱ ለመጽሐፉ አይደለም። እናታችን ስትመርቀኝ ስለ ምን ዝም አልሽ? አዝነሽልኝ ነው? ንቀሽኝ ነው? ወይስ የእርሷን ዓይን መገለጥ ካየሽ በኋላ ሌላው ሁሉ ኢምንት ሆኖብሽ? ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ኖረች፤ አንድም ቀን አልነገርሻትም። እኔም አልነገርኳትም። የአንቺ ዝምታና የእኔ ዝምታ አንድ እንዳልሆኑ ግን አውቃለሁ። ልትመልሺልኝ ባትወጂ እንኳ ጠይቄሽ ልሙት ብዬ ነው።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ሰሞኑን ሳስበው፣ አንቺ የሄድሽው ወደ ላይኛው መታጠፊያ ነበር፤ እዚያ ወንዙ ሰፊና ስስ ሳይሆን አይቀርም። የእኔን ወገብና የእኔን አገጭ አትይልኝ። ውኃው ከቁርጭምጭሚትሽ ያልዘለለ ከነበረም እንደዚያው አጽፊው። እኔ ሳልሻገር የቀረሁት እርሱኑ ነው።

ለአቶ ኃይለኢየሱስ አክብሮቴን አድርሺልኝ፤ ይህን የሚያነቡልሽ እርሳቸው ከሆኑም በእኛ ነገር መካከል ስላስገባኋቸው ይቅርታ ጠይቂልኝ። ሊድያን በሁለት ጉንጯ ሳሚልኝ፤ ልጆቿን የአያታችሁ ወንድም ይናፍቃችኋል በያቸው። ስመኝ የጉልበቷን ሕመም ሳትቆጥር እጅ ትነሣለች። ትህትና «እትዬን ሰላም በሉልኝ፣ ስልካቸውንም ይክፈቱልኝ» ብላለች። ጀብሪል ደግሞ አሁን ሱቁ ውስጥ ተቀምጬ ይህንን ስጽፍ መኪናውን አቁሞ ያየኛል፤ ሰላምታውን እንድጽፍለት ብጠይቀው፣ «መልሷ ሲመጣ እርሷን ነው የምሰማ በላት» አለኝ።

ታላቅ ወንድምሽ ብዙነህ
መካነ ሰላም፣ መጋቢት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.